ጣት ስለሚጠቡ ልጆች ጠይቁኝ

ጎንደር ውስጥ የሕፃናት ነርስ ነኝ። የራሴም ልጅ 4 ዓመት እስኪሞላት አውራ ጣቷን ስትጠባ ኖራለች። ስለዚህ ሳታፍሩ ጠይቁ።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ልጄ 2 ዓመቱ ነው። እንቅልፉ ሲመጣ ጣቱን ይጠባል። ላስጥለው?

መልስ፦ ተይው እህቴ። ማህፀን ውስጥ እያለ የሚጀምርም አለ። አብዛኞቹ ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ በራሳቸው ይተዉታል።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ የኔዋ 5 ዓመቷ ነው። አማቴ «ሬት ቀቢያት፣ ባልሽንም ጡት ያስጣልኩት በሬት ነው» ይላሉ።

መልስ፦ አማትሽን አልቃወምም፤ ግን ጣት እንደ ጡት አይሸፈንም፣ ሁሌም አብሯት ነው። ሬቱ ታጥቦ ይለቃል፣ ቂሙ ይቀራል። በርበሬማ በፍጹም! በዚያው ጣት ዓይኗን ታሻለች።

መጀመሪያ መቼ እንደምትጠባ አስተውዪ። የኔዋ ቲቪ ስታይና ሲደክማት ነበር። ቲቪ ፊት ስትቀመጥ ቁራጭ ሊጥ እሰጣታለሁ፤ ሁለት እጇ ተያዘ ማለት ነው። ማታ ራሷ መርጣ እጇ ላይ ካልሲ ታጠልቃለች። ሳትጠባ ላደረችበት ሌሊት ካላንደሩ ላይ ምልክት፤ 10 ሲሞላ ፒያሳ ኬክ። ወንድሟ ሲወለድ እንደገና ጀመረች። ዝም አልናት፣ በሳምንቱ ተወችው።

ጥያቄ፦ ጥርሷስ?

መልስ፦ ቋሚ ጥርስ ሳይበቅል፣ ማለትም 6 ዓመት ገደማ ሳይሞላት ከተወች ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። የፊት ጥርሷ ወደ ውጭ ከወጣ ወይም ስትነክስ ከላይና ከታች ካልገጠመ ግን ጥርስ ሐኪም ይያት።

ጥያቄ (አያት፣ ከአራዳ)፦ የልጅ ልጄ 1 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። ያቺን የእንጀራ እናት የሚሏትን የጎማ ጡት ማር እየነከርኩ እሰጠዋለሁ።

መልስ፦ እማማ፣ ማሩን ይተዉት። ጥርሱን ያበላሽበታል። 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር ራሱ አደገኛ ነው። ጎማዋን ማስጣል ከጣት ይቀላል፤ ለእንቅልፍ ብቻ ይስጡት፣ ከዚያ ትጥፋ። ጥቂት ሌሊት ያለቅሳል፣ ይቻሉት። ጫፏን በመቀስ እንዳይቆርጡ፤ ቁራጩ ሊያንቀው ይችላል። አንገቱ ላይም በክር አይሰሩለት።

ጥያቄ (አባት)፦ እጁን ብመታውስ?

መልስ፦ ተደብቆ ይጠባል።

ጥያቄ፦ ባሌ 34 ዓመቱ ነው። ጥፍሩን ይበላል።

መልስ፦ ለሱም ሊጥ ስጪው።