አናፖሊስ መሥራት ለምትፈልጉ ልጆቼ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት ልጅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች። ሎቢስት፣ ማለትም ሕግ አውጪዎች ፊት ስለ ደንበኛው ጉዳይ የሚያስረዳ ሰው፣ መሆን ትፈልጋለች። ዋሽንግተን ሳይሆን እዚሁ ሜሪላንድ፣ የስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ። በጣም ደስ አለኝ። ይህን ብሎ የመጣ የእኛ ልጅ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም። ስለ ምዝገባው ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት። ሕግ መማር ግዴታ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ አይደለም አልኳት። ከዚያ ስኒዋን አስቀመጠችና፣ "ጋሼ፣ የራስዎን ሰው ተቃውመው ያውቃሉ?" አለችኝ።

"ኧረ በጭራሽ" አልኳት።

ውሸቴን ነው። ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ስቆይ ለአንድም የምክር ቤት አባል ዋሽቼ አላውቅም። ለዚያች ልጅ ግን ዓይኗን እያየሁ ዋሸሁ። ስለዚህ መልሱን ለእሷም ለእናንተም ልጽፈው ተነሣሁ።

ሰው ሎቢስት ሲባል የሚያስበው ኮንግረስን ነው። እኛም እንደዚያው ነን። አገር ቤት አንድ ነገር ሲፈጠር ባንዲራ ይዘን ካፒቶል ሂል ደጃፍ እንቆማለን። እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ፣ ኤች አር 128፣ በተወካዮች ምክር ቤት ሲያልፍ ስንቱ ሰው ቢሮ ለቢሮ እንደዞረ አስታውሳለሁ። ጥሩ ነው፣ አልነቅፍም። ግን የመንጃ ፈቃዳችሁ፣ እናታችሁ ቤቷ ውስጥ የምትከፍተው የሕፃናት መዋያ፣ የጎረቤታችሁ የፀጉር ቤት ላይሰንስ፣ ይህ ሁሉ የስቴት ጉዳይ ነው። የሚወሰነው አናፖሊስ ነው። እዚያ ኮሪደር ላይ ግን ቆመን አንታይም።

የስቴቱ ሕግ አውጪ ጉባኤ በዓመት 90 ቀን ይቀመጣል። በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ተከፍቶ ኤፕሪል ውስጥ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። በዚያ ጊዜ 141 ዴሌጌቶች (የታችኛው ምክር ቤት አባላት) እና 47 ሴናተሮች ከ2,000 በላይ ረቂቅ ሕግ ይቀርብላቸዋል። አብዛኞቹ ሌላ ሥራ አላቸው። ጠበቃ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ነጋዴ አለ። ሁሉንም ማንበብ አይችሉም። ሎቢስት የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። "ይህ ሕግ ከጸደቀ እነ እገሌን እንዲህ ይነካል" ብሎ በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ነው ሥራው። በእኛ ዘንድ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ደጅ ጥናት ነው። ልዩነቱ እዚህ የሚመዘገብ መሆኑ ነው። በስቴቱ የሥነ ምግባር ኮሚሽን ትመዘገባላችሁ፣ ለማን እንደምትሠሩና ምን እንዳወጣችሁ በዓመት ሁለት ጊዜ ታሳውቃላችሁ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ።

ፌብሩዋሪ ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንድ ትልቅ ኩባንያ ቀጥሮኛል። አንድ ዴሌጌት የታክሲ ነጂዎችን የኢንሹራንስ ሸክም የሚያቃልል ረቂቅ አቅርባለች። ደንበኛዬ አይፈልገውም። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት የኮሚቴውን አባላት አንድ በአንድ አናግሬያለሁ። በማግሥቱ ሂሪንግ፣ ኮሚቴው የሰውን ምስክርነት የሚሰማበት ስብሰባ፣ ሊሆን፣ ዋዜማው ማታ ነገሩ አለቀ። ረቂቁ ድምፅ አይሰጥበትም ተባለ። ሜሪላንድ ውስጥ ሕግን ለመግደል "አይሆንም" ማለት አያስፈልግም። ሂሪንግ ይደረግለታል፣ ሰው ይናገራል፣ ከዚያ ረቂቁ ኮሚቴው ውስጥ ተኝቶ ጉባኤው ይዘጋል። በቃ።

በማግሥቱ ሂሪንጉ ለሰባት ሰዓት ተቀጠረ። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ አማርኛ ሰማሁ። አሥር የሚሆኑ ታክሲ ነጂዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። መኪናቸውን ስታዲየሙ ጋ አቁመው በሻትል ነው የመጡት። ሁሉም ኮት ለብሰዋል። የአንዱ ኮት እጅጌ ረዝሞ ጣቶቹን ይሸፍናል። በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው ነው፣ ወደ ስልሳ ይጠጋል። አንገቴ ላይ ያለውን ባጅ አየና ስሜን አነበበ።

"አበሻ ነህ እንዴ?" አለኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እዚህ ነው የምትሠራው? እግዜር ይስጥልን! የእኛ ሰው አለ ማለት ነው" ብሎ ለጓደኞቹ ነገራቸው። ሁሉም ተነሥተው ጨበጡኝ። ለማን እንደምሠራ አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም።

ያን ቀን አጀንዳው ረጅም ነበር። የነሱ ረቂቅ መጨረሻ ላይ ተመድቧል። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ፣ አሥር ሆነ። እኔ ሌላ ሥራ ነበረኝ፣ እወጣለሁ እገባለሁ። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ሰውየው ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠራኝና አጠገቡ አስቀመጠኝ። ከኮቱ ኪስ በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ አውጥቶ ዘግኖ ሰጠኝ። ባለቤቱ ቆልታ የሰጠችው ነው። ሽምብራው ይበዛል፣ ሱፍ ጣል ጣል ተደርጎበታል። ቁርስም ምሳም አልበላሁም ነበርና በላሁት።

"ልጄ፣ አንተ ቤቱን ታውቀዋለህ። ይሳካልን ይሆን?" አለኝ።

"እግዚአብሔር ያውቃል" አልኩት።

እግዚአብሔር ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።

እዚህ ላይ አባቴ ትዝ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ አባቴ በመሬት ጉዳይ አውራጃ ግዛት ጽሕፈት ቤት ደጅ ይጠና ነበር። አንድ ጊዜ ይዞኝ ሄደ። ራፖር ጸሐፊው ከዋርካ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻውን ጻፈለት። አባቴ ማንበብ አይችልም። ቢሆንም ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ፣ ከዚያ በመሐረብ ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ከተተው። ሦስት ቀን ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን አንድ ቀጭን ጸሐፊ ወጣና አባቴን ወደ ጎን ጠራው። "አባቴ፣ ጌታው ጉዳይዎን አያዩትም። ለሌላው ወገን ተፈርዷል። አዝመራዎ ሳይበላሽ አገርዎ ይግቡ" አለው። አባቴ አለቀሰ። መንገድ ላይ ግን ያንን ጸሐፊ መረቀው። እስኪሞት ድረስ ስሙን ባነሣ ቁጥር ይመርቀው ነበር። መሬታችንን አጣን፣ ያ ሰው ግን በአባቴ አፍ ደግ ሰው ሆኖ ቀረ።

ያን ታሪክ እያወቅሁ ነው አግዳሚው ላይ ቆሎ እየበላሁ ዝም ያልኩት።

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ተጠሩ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው። ሰውየው ወረቀቱን ከአራት ታጥፎ ከነበረበት ዘረጋው። ልጁ ናት የጻፈችለት፣ ከደብተር በተቀደደ ገጽ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያውን ገጽ ሳይጨርስ ሰዓቱ አለቀና ሊቀመንበሩ አመሰገኑት። ገጹን አገላብጦ አየው። ሁለተኛው ገጽ ቀርቷል። "ታንክ ዩ ሰር" ብሎ ተነሣ።

ከዚያ ተራው የኔ ሆነ። "አቋማችንን በጽሑፍ አቅርበናል፣ ተቃውሟችን እንዲመዘገብልን እንጠይቃለን" አልኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር። ነገሩ ያለቀለት ሰው ብዙ አይናገርም። ስዞር ነጂዎቹ ያዩኛል። ከመካከላቸው ያወቁት ሁለቱ ወጣቶች ፊታቸውን አዞሩ። ሰውየው ግን እንግሊዝኛዬ ፈጥኖበት ነው መሰለኝ አልገባውም። በሩ ጋ ጠብቆኝ ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀመጠ።

"ሁለተኛውን ገጽ ሳላነብ ቀረሁ። አንተ ታውቃቸዋለህ፣ አድርስልኝ" አለኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለማንም አላደረስኩም።

ልጆቼ፣ ደንበኛዬን ማገልገሌ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ያ ኩባንያም የሚለው ነበረው፣ ቁጥሩም ውሸት አልነበረም። ሁሉም ሰው አቤት የማለት መብት አለው፣ ሀብታምም ጭምር። የሚያንገበግበኝ አሥር ሰዎች የቀን ገቢያቸውን ጥለው ያለቀ ነገር ሲጠብቁ ማየቴ ነው። ማን እንደቀጠረኝ ብነግራቸው ምን ይቀርብኛል? "ጋሼ፣ እኔ በሌላው ወገን ነኝ፣ ነገሩም ጥሩ አይመስልም" ለማለት የደንበኛ ምስጢር ማውጣት አያስፈልግም። ሰውየው ይቆጣኝ ነበር፣ ቆሎውም ይቀርብኝ ነበር። ግን ቤቱ በጊዜ ይገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል የራሴን ሰው የሚነካ ሥራ አልይዝም ብዬ ማልኩ። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። ግን ደግሞ ሳስበው ይህም ልክ አይመስለኝም። የራሱን ወገን ጉዳይ ብቻ ይዞ የሚዞር ሰው አናፖሊስ ውስጥ በዓመት አንድ ቀን ይሰማል፣ ከዚያ ይረሳል። በሌላው ሥራ ያፈራችሁት ትውውቅ ነው ለወገናችሁ በር የሚከፍተው። እስካሁን አልወሰንኩም፣ እውነቱ ይህ ነው።

ሥራውን ለምትጀምሩ ግን ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ረቂቁን ከማንበባችሁ በፊት ፊስካል ኖቱን አንብቡ። የምክር ቤቱ ባለሙያዎች ሕጉ ስቴቱን ስንት እንደሚያስወጣና ምን እንደሚቀይር በቀላል ቋንቋ የሚጽፉበት ሰነድ ነው። ብዙ ረቂቅ የሚሞተው እዚያ ወረቀት ላይ ባለ ቁጥር ነው። የኮሚቴውን ሠራተኞች አክብሩ። ዴሌጌት ይመጣል ይሄዳል፣ እነሱ ግን ይቆያሉ። የምክር ቤት አባል የተቃዋሚያችሁን ክርክር ከጠየቃችሁ፣ ተቃዋሚው ራሱ እንደሚናገረው አድርጋችሁ ንገሩት። አንድ ጊዜ ያሳሳታችሁት ሰው ሁለተኛ አያናግራችሁም፣ ለጎረቤቱም ይነግራል። "ሕጉ ካለፈ ይህን ያህል እከፍልሃለሁ" የሚል ደንበኛ ቢመጣ በሩን አሳዩት፣ እንዲህ ያለ ውል ሜሪላንድ ውስጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ምሳ ጋብዤ ወዳጅ አፈራለሁ የምትሉም ተዉት። አንድን የምክር ቤት አባል ለብቻው መጋበዝ አይፈቀድም።

ስለ እናንተም አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየሙኝ። የዛሬ ልጆች ቁጭ ማለት አትችሉም። አናፖሊስ ትመጣላችሁ፣ ከእንጨት ጉልላቱ ፊት ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን በ1783 የጦር አዛዥነቱን የመለሰበትን አዳራሽ ትጎበኛላችሁ፣ አንድ ዓይነት ኢሜል ለ188ቱም ትልካላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ያ ኢሜል አይነበብም። ጉዳይ የሚያልቀው ስትጠብቁ ነው፣ ኮሪደር ላይ፣ እግራችሁ እስኪያብጥ።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ያየሁትንም መደበቅ የለብኝም። ከወረርሽኙ ወዲህ ምስክርነት በኢንተርኔት መስጠት ሲጀመር የእኛ ልጆች አባቶቻቸውን ሲያስመዘግቡ አይቻለሁ። አንድ ነጂ መኪናውን ዳር አቁሞ፣ ስልኩን መሪው ላይ አስደግፎ ሲናገር ተመልክቻለሁ። ቀኑ አልባከነበትም። ልጁ ከኋላ ወንበር ሆና ትረዳው ነበር። እኛ ይህን ለማድረግ አልታሰበንም።

ሰውየውን ፈልጌዋለሁ። ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፣ በጣም ዘግይቼ። ኤርፖርቱ ታክሲ ማቆሚያ ሄጄ የሚያውቁትን ጠየቅሁ። መኪናውን ሸጦ ወደ ልጁ ጋ ሌላ ስቴት ሄዷል አሉኝ። ስልኩን የሚያውቅ አልተገኘም።

ወረቀቱ አሁንም ቤቴ አለ። ሁለተኛውን ገጽ ያነበብኩት ያን ቀን ማታ ሳይሆን ሰሞኑን ነው፣ ልጅቷ ከጠየቀችኝ በኋላ። "አባቴ በቀን 14 ሰዓት ይነዳል" ብሎ ይጀምራል። ሥር ላይ ልጁ በእርሳስ በአማርኛ "አባዬ፣ እዚህ ጋ ቀስ ብለህ አንብብ" ብላ ጽፋለታለች።

አንቺ እሁድ የጠየቅሽኝ ልጅ፣ መልሴ አዎ ነው፤ ተቃውሜ አውቃለሁ። ሥራውን ከፈለግሽ ጉባኤው በሚከፈትበት ረቡዕ ጠዋት ነይ። ስታዲየሙ ጋ አቁመሽ በሻትል ግቢ፣ ውስጥ ማቆሚያ አይገኝም። ከኮሚቴው ሠራተኞች ጋር አስተዋውቅሻለሁ። ወረቀቱንም ይዤ እመጣለሁ።