ከአቦርጂናል ልጆች ጋር ልትሠሩ ለምትጀምሩ

ሜልበርን ውስጥ ሶሻል ወርክ የምትማሩ ልጆቻችን እየበዛችሁ ነው። ደስ ይላል። ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ ፍርድ ቤት ከሚመላለሱ አቦርጂናል (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ) ልጆች ጋር መሥራታችሁ አይቀርም። እኔ ጡረታ የወጣሁት ከዚያው ሥራ ስለሆነ ጥቂት ላውጋችሁ።

በአውስትራሊያ ከ10 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች አቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴት ልጆች ከመቶ 6 ያህል ናቸው። ከታሰሩት ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ። ነገሩ ከሩቅ ነው የሚመጣው። መንግሥት እስከ 1970ዎቹ ድረስ ልጆቻቸውን ከእናት ጉያ እየነጠቀ ወስዷል። ያኔ ከተወሰዱት ብዙዎቹ ዛሬ አያቶች ናቸው። ፋይል ይዛችሁ በር ስታንኳኩ ፊት ቢነሷችሁ አይግረማችሁ።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም ቢል ናቀኝ አትበሉ። እኛስ ቤት ልጅ ታላቁን ዓይን ዓይኑን ያያል እንዴ? ደግሞም ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ጆሯቸው እየታመመ መስማት ይቸግራቸዋል። ለጥያቄ ሁሉ «አዎ» የሚልም አለ፤ ገብቶት ሳይሆን ቶሎ እንዲለቁት። «ገባህ?» ማለት ምንም አይፈይድም። የሰማውን በራሱ አፍ ይንገራችሁ።

የኩሪ ችሎት የሚባለውን ዕድል ካገኛችሁ እዩ፤ ኩሪ የደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ አቦርጂናሎች መጠሪያ ነው። ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የመጀመሪያው በ2002 ሼፐርተን ላይ ተጀመረ፤ የልጆቹ ደግሞ በ2005 ሜልበርን ላይ። ዳኛው ከፍ ብሎ አይሰየምም። ልጁ፣ ቤተሰቡ፣ ጠበቃው፣ ዐቃቤ ሕጉና የአቦርጂናል ሽማግሌዎች በአንድ ሞላላ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ፍርዱን የሚሰጠው ዳኛው ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን የልጁን ዘር ማንዘር ያውቃሉ። «የማን ልጅ ነህ?» ከተባለ በኋላ መደበቂያ የለም። ለጥፋተኛ መላላት ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። የማያውቁት ዳኛ ፊት ቆሞ አጠፋሁ ከማለት ይልቅ አክስቴ የሚሏት አሮጊት ፊት መቀመጥ ይከብዳል።

«ይሄማ የኛው ሽምግልና ነው!» ማለት ያምራችኋል። እኔንም ያምረኛል። ግን አደራ፣ በኛ ልክ አትስፉላቸው። እኛ የራሳችንን ሰው እናስታርቃለን እንጂ የነሱን ዝምድናና ቁስል ከየት እናውቀዋለን? ጥቁር መሆናችን አንዳንዴ ወሬ ያስጀምርልናል፤ ዘመድ ግን አያደርገንም። የናንተ ሥራ ትክክለኛውን ሽማግሌ ፈልጎ መጥራት ነው። ጊዜያቸውን በነፃ አትውሰዱ፤ ለሐኪም የሚከፍል መሥሪያ ቤት ለነሱም ይክፈል።

«ባህላዊ ድጋፍ» ሲባል የሥዕል ክፍል ብቻ የሚታያቸው አሉ። ሥዕሉ አይጠላም። ዋናው ጥያቄ ግን ልጁ ከማን ጋር ያድራል፣ ወደ አያት ቅድመ አያቶቹ ምድር ማን ይወስደዋል የሚለው ነው። በተለይ ለቅሶ ሲመጣ ንቁ። ከዘመድ ቀብር መቅረት ለእነሱ ከባድ ነውር ነው፤ ይህን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የዋስትናው ሁኔታ ማታ ከቤት አትውጣ የሚል ከሆነ ልጁ መሄዱ አይቀርም፣ ተመልሶም ይታሰራል። ስለዚህ መርዶው እንደተሰማ ለጠበቃው ደውሉ። ፍርድ ቤቱ ሁኔታውን ሊያሻሽል የሚችለው ልጁ መንገድ ሳይጀምር ከተጠየቀ ነው።