ንዴቱ ሲበርድ፦ አለቆች ራስን ስለ መመርመርና ስለ አንጎል ለጠየቁን መልስ

«ድሬዳዋ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ሠራተኛ ላይ ጮሄ ወዲያው ጥፋቴን ላስብ ብል ጭራሽ ይብስብኛል። ለምን?»

ጊዜው ገና ስለሆነ ነው። ስንናደድ ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን የተባሉ ኬሚካሎች አንጎላችንን ያጥለቀልቁታል፤ ከግንባራችን ጀርባ ያለው፣ ነገር የሚያመዛዝነውና አፋችንን የሚገታው ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ ይደክማል። የውጥረት ሆርሞን የሆነው ኮርቲሶል ጣሪያ የሚነካው ደግሞ ጭቅጭቁ ከተነሣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። በዚያ መሐል ራስዎን ልመርምር ቢሉ ጠበቃ ሆነው ይወጣሉ፤ «እሱ ነው ያናደደኝ» ብለው ይዘጉታል።

እዚያው ቦታ አንድ ነገር ይበቃል፤ ስሜቱን በስሙ ይጥሩት። «ተናድጃለሁ»፣ «ተንቄያለሁ»፣ «ፈርቻለሁ»። የአንጎል ተመራማሪው ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት አይተው ስሜቱን በቃል ሲሰይሙ፣ አደጋ የሚያነፈንፈው የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላ፣ እንቅስቃሴው ቀንሶ ታይቷል። «ደብሮኛል» ማለት ግን ሁሉንም ስሜት አንድ ላይ ይጠቀልላል፤ ለይተው ይጥሩት።

ፈረቃው ሲያልቅ 10 ደቂቃ ወስደው ሦስት መስመር ይጻፉ፦ የሆነው፣ የተሰማኝ፣ ዳግም ሲመጣ የማደርገው። እንዲህ፦ «ጠዋት 4 ሰዓት፣ ሁለት መኪና ሳይጫን ቆመ፤ ጮህኩ። አንገቴ ጋለ፤ ሥራ አስኪያጁ ይጠይቀኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሌላ ቀን መኪና ሲቆም መጀመሪያ ጫኞቹን ምን ያዛችሁ ብዬ እጠይቃለሁ።» ብዙ ሰው የሚያበላሸው ሦስተኛውን ነው፤ «ትዕግሥተኛ እሆናለሁ» ብሎ ይጽፋል። መቼና ምን እንደሚያደርግ ያልወሰነ ሰው ነገሩ ሲደርስ የድሮውን ይደግማል።

«ኤምአርአይ ተነሥቶ ጥሩ መሪ የሚሆነውን መለየት ይቻላል?»

አይቻልም። አንጎልን በኤምአርአይ እያነሡ የሚያጠኑ ጥናቶች በአብዛኛው የሚያሳዩት የብዙ ሰዎችን አማካይ ነው። ይህን እሸጣለሁ ለሚል አሠልጣኝ ገንዘብዎን አይስጡ።

«ሐረር ምክትል ርዕሰ መምህርት ነኝ። የቀኑን ውሎዬን ስገመግም ሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል።»

እህታችን፣ ይሄ መብሰልሰል ነው። ሥራ ስንፈታ የሚነቃ የአንጎል መረብ አለ፤ የአንጎል ተመራማሪው ማርከስ ሬይክልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ዲፎልት ሞድ ብለውታል። ከስህተት ስንማርም ያንኑ ቁስል ደጋግመን ስንነካካም እጁ አለበት። ልዩነቱን የሚያመጣው ጥያቄው ነው። «ለምን እንዲህ ሆንኩ?» መጨረሻ የለውም፤ «ነገ ወላጁን ሳገኘው ምን እላለሁ?» መልስ አለው። ስምዎን ጠርተው፣ ጓደኛዎን እንደሚመክሩ አድርገው ይጻፉ፤ በራስ ስም መነጋገር ስሜትን ያረግባል። የስልክዎን ደወል 10 ደቂቃ ላይ ይሙሉት፣ አልጋ ላይ ግን በፍጹም አይጀምሩት። እንቅልፍ ማጣቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ ሐኪም ያማክሩ።

«በርጫ ላይ ሐሳብ ይፈስልኛል። የቡድናችንን ግምገማ እዚያ ባደርገውስ?»

አይሆንም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው፤ ዶፓሚን ያበዛል። ምርቃና ላይ ሐሳብ ሁሉ ያምራል፤ እንከኑ አይታይም። እንቅልፍንም ይሰርቃል፤ ትውስታ የሚይዘው የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስ፣ የዋለበትን ትምህርት የሚያጸናው ደግሞ በእንቅልፍ ነው። ሐሳቡ ከመጣ ይጻፉት፤ ቡድኑን ግን በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይከር ሰብስበው አብራችሁ መዝኑት።