ፈረሱ ጂ5 ይግባ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከታናሽ ወንድሜ ጋር ቼዝ ስንጫወት በ4ኛው ተራ ፈረሴን ጂ5 አስገባና ሁሌም አሸንፈዋለሁ። ሰሞኑን የሥራ ባልደረባዬ ላይ ሞከርኩት። አንድ ወታደር ለቀቀልኝና አፈር ድሜ አበላኝ። መጥፎ እንቅስቃሴ ነው እንዴ?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጥፎ አይደለም። ግን ዋጋ አለው፤ አንተ ገና የከፈልከው አሁን ነው።

ሰሌዳውን ዘርጋ፤ ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ይናገራል። ሁለቱም ወታደሮች መሃል ናቸው፤ ኢ4 እና ኢ5። ያንተ ፈረስ ኤፍ3፣ ቢሾፕህ ሲ4፣ የጥቁር ፈረሶች ሲ6 እና ኤፍ6። ፈረስህ ጂ5 ሲገባ ከቢሾፑ ጋር ሆኖ ኤፍ7ን ያያል። ያቺን ቤት የሚጠብቃት ንጉሡ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቁር ወታደሩን ዲ5 ገፍቶ ቢሾፑን ይጋርድበታል፤ አንተም በወታደርህ ትበላዋለህ።

ወንድምህ እዚህ ጋ በፈረሱ መልሶ የሚበላ ይመስለኛል። ያኔማ ፈረስህ ኤፍ7 ዘሎ ንግስቱንና ሩኩን ባንዴ ይይዛል። ንጉሡ ቢበላው ንግስትህ ኤፍ3 ወጥታ ቼክ ትላለች። ዲ5 ያለውን ፈረሱን አላስበላም ካለ ንጉሡ ኢ6 መውጣት አለበት። ንጉሥ ሜዳ መሃል!

ባልደረባህ ግን ፈረሱን ኤ5 አድርጎ ቢሾፕህን ነክቶታል። የተለመደው መንገድ እንዲህ ነው፦ ቢሾፕህ ቢ5 ላይ ቼክ ይላል፣ እሱ ሲ6 ይገፋል፣ ትበላለህ፣ ይበላል፣ ቢሾፕህ ኢ2 ይመለሳል። ወታደሩን ኤች6 ገፍቶ ፈረስህን ያባርረዋል፤ ኤፍ3 ትመለሳለህ። ሌላውን ወታደር ኢ4 ገፍቶ ደግሞ ያባርረዋል፤ ኢ5 ትገባለህ። እስቲ ቁጠር። ከ10 ተራ 4ቱን ፈረሱ፣ 3ቱን ቢሾፑ፣ 3ቱን ያው አንድ ወታደር ጨርሰውታል። ሌላው ጦርህ በሙሉ ከቤቱ አልወጣም። በአንድ ወታደር ትበልጠዋለህ፤ በጊዜ ይበልጥሃል።

ተማሪ ሳለሁ እኔም እዚሁ ተቀጥቻለሁ። ጆሮው የተሰበረ የእንጨት ፈረስ ነበረን። ኢ5 ላይ አስቀምጬው እጄን ሳነሳ ሩኮቼን አየኋቸው፤ ሁለቱም ከጥጋቸው አልተነቃነቁም። ያን ቀን ወታደሯን እንደያዝኩ ተሸነፍኩ።

ጀርመናዊው የቼዝ ሊቅ ታራሽ ይህን እንቅስቃሴ የጀማሪ ነው ብሎ አጣጥሎታል። እኔ አልስማማም። በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው አሜሪካዊው ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1963 በአገሩ ልጅ በቢስጋየር ላይ ተጫውቶት አሸንፏል። ኤች6 ሲባል ግን ፈረሱን ወደ ኤፍ3 አልመለሰም፤ ከዳር፣ ኤች3 ላይ አስቀመጠው። ለምን መሰለህ? እዚያ ኢ4 አይነካውም። ጥቁር በቢሾፑ ቢበላው የነጭ ወታደሮች ይበላሻሉ፤ በለውጡ ግን ሁለቱም ቢሾፖች ከነጭ ጋር ይቀራሉ። በዚያ ጨዋታም የሆነው ይኸው ነው።

እንግዲህ ፈረሱን ከማንሳትህ በፊት ኤች6 ሲመጣ የት እንደሚሄድ ወስን። ለ15 ተራ ያህል እየተገፋህ መከላከል ካሰለቸህ ጂ5ን ተወውና ወታደርህን ዲ3 ግፋ። ጨዋታው ረጋ ይልልሃል።

የባልደረባህን ጨዋታ ጽፈህ ላክልኝ። በተለይ ከ10ኛው ተራ በኋላ ያለውን ማየት እፈልጋለሁ።