ስክሪኑ ጠፋ ማለት ብረቱ ቀዘቀዘ ማለት አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። «ጎንደር አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ነው የምሠራው። ተንቀሳቃሽ የሙቀት ፕሮብ ካሊብሬተር መጣልን። ያሠለጠነን ሰው ግን የለም። ሳልቃጠልና ዕቃውን ሳላበላሽ እንዴት ልሥራበት?» ነው ያልሽው። ከሥር ሁለት ሰዎች «ማኑዋሉን አንብቢ» ብለውሽ አልፈዋል። ልክ ናቸው፣ አንብቢው። እኔ ግን ማኑዋሉን ሁለቴ ከጨረስኩ በኋላ ነው የተቃጠልኩት። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ካሊብሬሽን ማለት ፕሮቡ፣ ማለትም ሙቀት የሚለካው ዘንግ፣ ልክ ማንበቡን ከታወቀ ሙቀት ጋር ማስተያየት መሆኑን ታውቂዋለሽ። የመጣላችሁም ድራይ ብሎክ የሚሉት ይመስለኛል። መያዣ ያለው ሳጥን ነው፤ ከላይ ጉድጓድ አለው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ባለ ብዙ ቀዳዳ ብረት ይገባል። ብረቱን የፈለግሽው ዲግሪ ላይ አድርገሽ ፕሮቡን ቀዳዳው ውስጥ ትከቻለሽ። እኛ ያንን ብረት ኢንሰርት ነው የምንለው። እኔ እዚሁ ጎንደር አንድ ምግብ ፋብሪካ ውስጥ የኢንስትሩመንት ቴክኒሻን ሆኜ ስምንት ዓመት ሠርቼበታለሁ።

1. ሶኬት ላይ ከመሰካትሽ በፊት የተለጠፈበትን ጽሑፍ አንብቢ። የሚፈልገው ስንት ቮልት ነው? በእርዳታ የመጣ ከሆነ 115 ላይ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። የእኛ መብራት 220 ነው። ከዚያ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚሄድ እይ። ይሄ ከመልኩ አይታወቅም። ለምሳሌ ፍሉክ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው 9142 ከ-25 እስከ 150 ዲግሪ ነው። 9143 እስከ 350፣ 9144 ደግሞ እስከ 660 ይደርሳል። ሦስቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጫቸው መንትያ ናቸው። የአንቺ ሥራ የክትባት ፍሪጅና አውቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚያፀዳው) ነው ብዬ ነው የማስበው። ፍሪጁ ከ2 እስከ 8፣ አውቶክሌቩ 121 እና 134 ዲግሪ። ለዚህ የመጀመሪያው ዓይነት ይበቃሻል። 660 የሚሄደው ከመጣላችሁ ግን ከፍተኛውን ገደብ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ዝቅ አድርጊው። 134 ልጻፍ ያለ ሰው ተሳስቶ 431 ቢጽፍ ዕቃው እሺ ብሎ እንዳይሄድ።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ ማኑዋሎች እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ይላሉ። ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አይሠራም ማለት አይደለም፤ እኛ ስንት ዓመት ሠራንበት። ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው እንደ ቆላ አያቀዘቅዝም። ሻጩን በጽሑፍ ጠይቂና መልሱን ፋይል አድርጊው። ኦዲተር አንድ ቀን ይጠይቅሻል።

2. ቦታ። ላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪው። አልኮል ካለበት አካባቢ አርቂው፤ እናንተ ጋ አልኮል የሌለበት ጥግ እንደማይገኝ አውቃለሁ። ዙሪያውን ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን። ከላዩ መደርደሪያ አይኑር። ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ በጎኑ አይተኛ። ኧርዝ በሌለው ማከፋፈያ አትሰኪው። ክረምቱን ስቶር ከርሞ ከወጣም ወዲያው ወደ ከፍተኛ ዲግሪ አትውሰጂው። ውስጡ እርጥበት ይይዛል። አንድ ሁለት ሰዓት በዝቅተኛ ሙቀት አድርቂው።

3. ትኩስ እያለ አታንሺው፣ ሳይቀዘቅዝም አታጥፊው። ይቺን በአንድ መስመር ላልፋት ነበር፤ አልሆነልኝም።

ሐምሌ ነበር። በማግስቱ ኦዲት አለብን። የዳቦ ኦቨን ቴርሞካፕሎችን፣ የሙቀት መለኪያ ሽቦዎቹን፣ እያየሁ ነው፤ ብረቱ 300 ዲግሪ ላይ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ መብራት ጠፋ። ሐምሌ ላይ እዚህ ነጎድጓድ ሲጀምር መብራት መጥፋቱ ብርቅ አይደለም፣ ታውቂዋለሽ። ጄኔሬተሩ የሚያበራው የምርት መስመሩን እንጂ የእኛን ወርክሾፕ አልነበረም። ስክሪኑ ጨለመ። ማራገቢያው ቆመ። ክፍሉ ጭር አለ። ያ ጭርታ ነው ያዘናጋኝ። ድምፅ የሌለው ዕቃ የሞተ ይመስላል።

ሰርቪስ የሚወጣው 11 ሰዓት ተኩል ነው። የስቶር ኃላፊው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ በር ላይ ቆሟል። «ዕቃው ሳይገባ አልሄድም፣ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» ይለኛል። አንድ ሰዓት ሊሞላው ነው፣ ቀዝቅዟል ብዬ አሰብኩ። የውጪውን ቆርቆሮ በእጄ ጀርባ ነካሁት። ለብ ያለ ነው። ልብ በይ፣ የነካሁት ልብሱን ነው። ሙቀቱ ያለው ውስጥ ብረቱ ላይ ነው፤ በዙሪያው ያለው መከላከያ የተሠራው ሙቀቱ እንዳይወጣ ነው። ማራገቢያው ቢሠራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃው ነበር። ማራገቢያ ከሌለ ሰዓታት ይፈጃል። ማኑዋሉ ላይ «ትኩስ እያለ አያንቀሳቅሱ» የሚለውን አንብቤ ነበር። «ትኩስ መሆኑን በምን ታውቃለህ» የሚል ግን አልነበረም።

መያዣውን ጨብጬ ሳነሳው ሳጥኑ ወደ እኔ ዘንበል አለ። የእጄ አንጓ ከላይ ያለው ብረት ላይ አረፈ። ድምፁን ሰማሁት። ጥብስ ምጣድ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማውን ድምፅ። ብጥለው አለቀልኝ ብዬ አልጣልኩትም፤ የመያዣ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩት። ክዳኑን ከመዝጋቴ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ስፖንጁ ቀልጦ ከላይኛው ብረት ጋር ተጣብቋል።

ጥበቃው አባባ ሮጠው የጥርስ ሳሙና አመጡልኝ። በደግነት ነው ያደረጉት፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን በማግስቱ ነርሷ ሳሙናውን ከቁስሉ ላይ ስታነሳው ያየሁት ሥቃይ ከቃጠሎው ባሰ። አንቺ የጤና ሰው ነሽ፣ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ መሆኑን አልነግርሽም። አብረውሽ ለሚሠሩት ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ቅቤም፣ ዱቄትም፣ የጥርስ ሳሙናም አይሆንም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው የምሠራው። በባትሪ የሚሠራ ቴርሞሜትር ገዛሁ። የእሱን ፕሮብ ሁልጊዜ ኢንሰርቱ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ውስጥ እተወዋለሁ። መብራት ቢጠፋም ብረቱ ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ አነባለሁ። ከ50 በታች ሳይሆን ማንም አይነካውም። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያውን አጠፋለሁ፤ ሲመለስ ብልጭ ድርግም እያለ ቦርዱን እንዳይበላው። መብራቱ ሲረጋ አበራውና ዲግሪውን ዝቅ አድርጌ ማራገቢያው እንዲያቀዘቅዘው እተወዋለሁ። በካርቶን ላይ በቀይ «ትኩስ ነው» ብዬ ጽፌ አጠገቡ አቆማለሁ። ከፍተኛውን ነጥብ ደግሞ ጠዋት እጨርሳለሁ። ከ8 ሰዓት በኋላ ከፍ ያለ ዲግሪ አልጀምርም፣ አለቃም ቢለኝ። አንቺም እንቢ በይ። የስቶር ቁልፍ የያዘ ሰው ቢቆጣ ይቆጣ። ዕቃው ባለበት ያድራል፣ ክፍሉ ይቆለፋል፣ አለቀ።

4. ዘይት። በዚያው ሰሞን የሠራሁት ሌላ ጥፋት ነው፣ ገንዘብ ያስከፈለንም ይኼኛው ነው። ፕሮቡ ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ይላወስ ነበር። ሙቀቱ በደንብ ይተላለፍ ብዬ ጥቂት ዘይት ጠብ አደረግኩበት። ዘይቱ 300 ዲግሪ ላይ ጨሰ፣ ከዚያ ደረቀ፣ እንደ ሙጫ ጠቆረ። ኢንሰርቱ ጉድጓዱ ውስጥ ተነከሰ። በምንም አልወጣ አለ። ፕሮብሽ ቀዳዳው ውስጥ የሚላወስ ከሆነ ልኩ የሆነ ኢንሰርት አሠሪ ወይም ግዢ። ዘይት፣ ግሪስ፣ ውሃ፣ ምንም ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ። ሥራ ሲያልቅ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ኢንሰርቱን አውጪና በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። እዚያው አይክረም። ቀዝቃዛ ኢንሰርትም ትኩስ ጉድጓድ ውስጥ አትክተቺ፣ ይጣበቃል።

እዚህ ላይ ስለ ግዢ ክፍላችን ሳልናገር አላልፍም። ዕቃው አዲስ አበባ ሄዶ መጠገን ነበረበት። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ተባልኩ። ይህን የሚጠግን ሦስት ቤት ከየት ላምጣ? አስረዳሁ። ሰውየው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነው የሚሰማኝ። ነገ ና፣ ሰኞ ና፣ ፊርማ ጎደለ። እጄ በፋሻ እንደተጠቀለለ አራት ወር ደጅ ጠናሁ። አንድ ቀን ቀና ብሎ ምን አለኝ መሰለሽ፦ «የፈላ ውሃ መቶ ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትሩን ውሃ ውስጥ ንከረው። ለዚህ ሁሉ ብር ምን አስፈለገ?»

እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጎንደር ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። 93 ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፣ ከፍታው ነው። እሱ እንዳለው ባደርግ ደህናውን ቴርሞሜትር ሁሉ «7 ዲግሪ ያንሳል» ብዬ አበላሸው ነበር። ቢሮው ውስጥ ማንቆርቆሪያ ነበር። ለካሁለት። አይቶ ዝም አለ። ፊርማው በሳምንቱ ወጣ።

አንቺም ይህን የሚልሽ አለቃ አይጠፋም። በበረዶ ግን ማየት ትችያለሽ። ንጹሕ ውሃ አቀዝቅዘሽ ፍጪው። ከተጣራ ውሃ ጋር እንደ ገንፎ ወፈር አድርገሽ ቀላቅይው። እዚህም ሆነ ቆላው መተማ 0 ዲግሪ ነው። ፒቲ 100 ፕሮብ (ሙቀቱ ሲጨምር የኤሌክትሪክ መቋቋሙ፣ በኦም የሚለካው፣ የሚጨምር) ከሆነ 100 ኦም ገደማ ማንበብ አለበት። ካሊብሬተሩን ከማብራቴ በፊት በዚህ ነው የምጀምረው። በ100 ዲግሪ ላይ ደግሞ 138.5 ኦም ነው። በትክክለኛነቱ ቢ ክፍል የሚባለው የተለመደው ፕሮብ በዚያ ነጥብ ላይ 0.8 ዲግሪ ወዲህ ወዲያ ማለት ይፈቀድለታል። ከዚያ ካለፈ በፕሮቡ አትተማመኚ።

5. ከጉድጓዱ ስለሚወጣ ፕሮብ። ሲወጣ የት እንደምታስቀምጪው ሳታዘጋጂ አታውጪው። የብረት ማንጠልጠያ ይኑርሽ። ፍሪጅ ውስጥ የሚገባው ፕሮብ ገመዱ ተራ ፕላስቲክ ነው፣ 134 ላይ ይለሰልሳል፤ የአውቶክሌቩን ፕሮብና የፍሪጁን ፕሮብ አንድ ላይ አትክተቺ። አጭር ፕሮብ ደግሞ እስከ ታች ካልደረሰ ውሸት ያነባል። ስክሪኑ ረግቷል ካለሽ በኋላም ቢያንስ 10 ደቂቃ ጨምሪለት።

ዕቃው ተጠግኖ ሲመለስ አንድ ነገር አደረግሁ። በአማርኛ፣ በእጄ፣ በአንድ ገጽ ወረቀት ከላይ ያልኩሽን ሁሉ ጻፍኩት። በላስቲክ አሽጌ የሻንጣው ክዳን ውስጥ ለጠፍኩት። በሚቀጥለው ዓመት ኦዲተሩ ሻንጣውን ከፍቶ ቆሞ አነበበው። «ይህን ማን ጻፈው?» አለ። እኔ ነኝ አልኩ። ለሌላ ፋብሪካ ሊያሳየው ፎቶ አነሳው። ከዚያ ፋብሪካ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። በእኔ ቦታ የገባው ልጅ ወረቀቱ አሁንም እዚያው እንዳለ ነግሮኛል። በእነዚህ ዓመታት አንድም ሰው አልተቃጠለበትም። ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ በዚያች ወረቀት ነው የምኮራው።

ወረቀቱን ነገ ፎቶ አስነስቼ እዚሁ ከታች አስቀምጥልሻለሁ። አንቺም የዕቃችሁን ጀርባ፣ ቮልቱና ዲግሪው የተጻፈበትን፣ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። እስካየው ድረስ ግን አትሰኩት። አዘዞ በኩል ከሆናችሁ ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ የመጀመሪያውን አብረን እናበራዋለን። የባትሪ ቴርሞሜትሬን ይዤ እመጣለሁ።