ልጄ ጡት አወጣ፤ «ወንድ የሚያደርገውን መርፌ» ልድገምለት?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። የ14 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። አባቱ ሳዑዲ ከሄደ ቆይቷል። ያሳደግነው እኔ፣ እናቴና እህቶቼ ነን። ልጁ ጨዋ ነው፤ ድምፁ ቀጭን ነው። ቡና ይቆላል፣ ጀበና ይጥዳል። ሰፈሩ ‹ሴታ ሴት› ይለዋል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ጡቱ አበጠ፤ የግራው ይበልጣል። በዚህ ሙቀት ጃኬት አያወልቅም፣ ኳስ መጫወትም ትቷል። በቀደም ስልኩን ሳይ ‹ትራንስጀንደር› የሚል ቃል ሲፈልግ እንደነበር አየሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ፀበል ወሰድሁት፤ ጎረቤቴም ዱአ አስደረገችልኝ። መድኃኒት ቤት ብጠይቅ ‹ወንድ የሚያደርግ የሆርሞን መርፌ አለ› ብለው ሸጡልኝ። አንዱን ተወግቷል፤ ሁለተኛው ቤት ተቀምጧል። ልጄ ትራንስጀንደር ነው? ወይስ ያኛው፣ ስሙን የማልጠራው? ልዩነታቸውስ ምንድን ነው? ሁለተኛውን መርፌ መቼ ላስወጋው?»

መልስ፦ አብሽሩ እህቴ። መጀመሪያ በግልጽ ያልጠየቁኝን ልመልስ። የጻፉልኝ ስለ ቃላት ነው፤ የሚያስጨንቅዎት ግን «አባቱ በሌለበት በሴቶች መሀል አሳድጌ ልጄን አበላሸሁት ወይ?» የሚለው ይመስለኛል። አላበላሹትም። ልጅ ከአያቱ ጋር ቡና ስለቆላ፣ ከአክስቶቹ ጋር ስለዋለ፣ የጾታ ማንነቱም ሆነ ወደ ማን እንደሚሳብ አይለወጥም። ወላጅ ዓረብ አገር ሄዶ በአያትና በአክስት እጅ ያደገ ልጅ እዚህ ወሎ ውስጥ ስንትና ስንት ነው። እኔም የእናቴን ቡና እየቆላሁ ነው ያደግሁት። እስካሁንም ከባለቤቴ የተሻለ እቆላለሁ፤ እሷ ባታምንም።

አሁን ወደ ጡቱ እንምጣ። ከጡት ጫፉ ስር ክብና ጠጠር ያለ ነገር አለ አይደል? ሲነካ ያመዋል። አንዱ ጎን ከሌላው ጎላ ይላል። ይህ በጉርምስና የሚመጣ ነው፤ በተለይ 13 እና 14 ዓመት ላይ እጅግ ብዙ ወንዶች ልጆች ያዩታል። የወንድ ሰውነትም ኢስትሮጅን የሚባለውን፣ በሴቶች ላይ የሚበዛውን ሆርሞን በጥቂቱ ያመርታል። ጉርምስና ሲጀምር የእሱና የዋናው የወንድ ሆርሞን፣ የቴስቶስትሮን፣ ሚዛን ለጊዜው ይዛባል፣ ጡትም ያብጣል። በአብዛኛው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ያለ ምንም መድኃኒት ይጠፋል። በሽታ አይደለም። ስለ ልጁ ማንነትም የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። የድምፁም ነገር እንደዚያው ነው። አንዱ ልጅ በ12 ይጎረንናል፣ ሌላው 15 እስኪሞላው ይቆያል። ያም ሆኖ ሐኪም ልጁን በአካል ማየት አለበት። ጡቱ በፍጥነት እያደገ ከሄደ፣ ፈሳሽ ከወጣው፣ ወይም ቆለጡ ላይ እብጠት ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ይምጡ።

ወደ መርፌው ልመለስ። እዚህ ላይ እንድቆጣ ይፍቀዱልኝ።

ሁለተኛውን መርፌ አያስወጉት። ነገም፣ የሚመጣው ወርም፣ «የተገዛ መድኃኒት እንዳይባክን» ተብሎም አይወጋ። ልጁ ከክረምት ጀምሮ ጃኬት ለብሶ ሲደበቅ ጎረቤት ተጠየቀ፣ መድኃኒት ቤት ተጠየቀ። ሐኪም የተጠየቀው መርፌው ከተወጋ በኋላ ነው! ሸጪውንም ዝም አልለውም። የ14 ዓመት ልጅን ሳያይ፣ ያለ ማዘዣ፣ በእናት ድንጋጤ ላይ ሆርሞን የሚሸጥ ሰው ባለሙያ አይባልም።

ይህ «ወንድ የሚያደርግ መርፌ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ቴስቶስትሮን ነው። በጎረምሳ ሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ልንገርዎት። አንደኛ፣ ሰውነት ከቴስቶስትሮን ላይ የተወሰነውን ራሱ ወደ ኢስትሮጅን ይቀይረዋል። አዎ፣ ጡት ወደሚያሳብጠው። ስለዚህ ጡቱን ያጠፋል ብለው የገዙት መርፌ ጭራሽ ሊያሳድገው ይችላል። ይህንን ለአንድ እናት በነገርሁ ቁጥር የማየው ፊት አንድ ዓይነት ነው።

ሁለተኛ፣ አንጎል ደም ውስጥ ብዙ ቴስቶስትሮን ሲያገኝ «በቂ አለ» ብሎ ወደ ቆለጥ የሚልከውን መልእክት ያቆማል። ሥራ የፈታ ቆለጥ ይቀንሳል፣ የወንድ ዘር (ስፐርም) ማምረቱም ይዳከማል። ወንድ ይሁንልኝ ተብሎ የተሰጠው መድኃኒት የወንዱን ዕቃ ያስተኛል ማለት ነው።

ሦስተኛው ቁመቱ ነው። ልጆች የሚረዝሙት በአጥንታቸው ጫፍ አካባቢ ባለ የሚያድግ ክፍል ነው። ያለ ልክ የተሰጠ ቴስቶስትሮን መጀመሪያ ቶሎ ያስመዝዘዋል፤ ቤተሰቡም «አየህ፣ ሠራ!» ይላል። ከዚያ ያ ክፍል ያለ ጊዜው ይዘጋል። የተዘጋውን የሚከፍት መድኃኒት የለም፤ ልጁ ይደርስበት ከነበረው ቁመት አጥሮ ይቀራል። ብጉሩን፣ የደም መወፈሩን፣ መርፌው በምን ንጽህና እንደተወጋ አለመታወቁን ሁሉ ሳልቆጥር ነው።

እኛስ ይህን መድኃኒት ለጎረምሳ አንሰጥም ወይ? አንዳንዴ እንሰጣለን። ጉርምስናው በጣም ለዘገየ ልጅ፣ ደሙ ተመርምሮ፣ የአጥንቱን ዕድሜ ለማወቅ የእጅ አንጓው ራጅ ተነሥቶ፣ በትንሽ መጠን፣ ለጥቂት ወራት፣ በክትትል። የእርስዎ ልጅ ጡቱ ማበጡ ጉርምስናው መጀመሩን ነው የሚነግረኝ። ምን ፍለጋ ይወጋል?

አሁን አይደንግጡ። አንድ መርፌ ብቻ ከሆነ ቋሚ ጉዳት ያደርሳል ብዬ አልሰጋም። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ከሰውነቱ ይወጣል። ዋናው እንዳይደገም ነው።

ሌላም አለ፤ አፈ ታሪኩን ከሥሩ ካልነቀልነው ነገ ሌላ መርፌ ይገዛል። ሰው ወደ ተመሳሳይ ጾታ የሚሳበው ሆርሞን ስላነሰው አይደለም። እንደዚህ ያሉ ወንዶች የቴስቶስትሮን መጠናቸው እንደማንኛውም ወንድ ነው። ቢጨምሩላቸው ፍላጎታቸው ሊጨምር ይችላል እንጂ አቅጣጫው አይዞርም። ስለዚህ የልጅዎ ነገር የፈሩት እንኳ ቢሆን መርፌው አይሠራም። ካልሆነም አይሠራም። በየትኛውም በኩል ቢያዩት የማይሠራ መድኃኒት ነው።

ወደ ቃላቱ። እርስዎ ያሉበት ግራ መጋባት የብዙ ሰው ነው፤ አራት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ከረጢት ውስጥ ከትተናቸዋል። ጾታ ስንል ሰውነቱን ነው፦ ብልቱን፣ ሆርሞኑን፣ ክሮሞዞሙን። ሥርዓተ ጾታ ደግሞ ሰፈሩ ከወንድና ከሴት የሚጠብቀው ነው። «ወንድ ጀበና አይጥድም» የሚለው እዚህ ነው የሚገባው። ይህ የሰው ሥራ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ የሚያስቀው ሌላ አገር አያስቅም። ስለዚህ «ሴታ ሴት» የሚለው ስድብ የሰፈሩን ልማድ እንጂ የልጁን ውስጥ አይነግረንም።

የጾታ ማንነት የሚባለው ሰው በውስጡ ራሱን ወንድ ወይም ሴት ወይም ሌላ አድርጎ የሚያውቅበት ስሜት ነው። አብዛኛው ሰው ከሰውነቱ ጋር ስለሚገጥምለት አስቦት አያውቅም። የማይገጥምለት ሰው ነው ትራንስጀንደር የሚባለው። ጾታዊ ዝንባሌ ደግሞ ልብ ወደ ማን እንደሚሄድ ነው፦ ወደ ሌላው ጾታ፣ ወደ ተመሳሳይ ጾታ ወይም ወደ ሁለቱም። እርስዎ ስሙን ያልጠሩት ይኼ ነው። አዩ ልዩነቱን? አንዱ «እኔ ማን ነኝ» ነው፣ ሌላው «ማንን እወዳለሁ» ነው። ትራንስጀንደር የሆነ ሰው ወደ የትኛውም ጾታ ሊሳብ ይችላል። ወደ ወንድ የሚሳብ ወንድም አብዛኛውን ጊዜ ወንድነቱን አይጠራጠርም። አንዱን አይተው ሌላውን መገመት አይቻልም፤ ቀጭን ድምፅና ጀበና አይተውማ ሁለቱንም።

አምስተኛም ነገር አለ፤ ሰው «ፍናፍንት» የሚለው። ሰውነቱ ሲፈጠር የወንድና የሴቱ ምልክት የተቀላቀለ ወይም ያልለየ ሕፃን ማለት ነው። ይህ የአካል ጉዳይ እንጂ የምርጫም የእርግማንም አይደለም። የእርስዎን ልጅ ስለማይመለከት አልገፋበትም። ይህን ለሚያነቡ አዋላጆችና አያቶች ግን አንድ ቃል፦ አራስ ተወልዶ ጾታው ካልለየ ለመደበቅ አትሞክሩ። አንዳንዶቹ ሰውነታቸው ጨው መያዝ ያቅተውና በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በትውከት ይሞታሉ። በጊዜው ሆስፒታል ከደረሱ ይድናሉ።

«ታዲያ በሽታ ነው?» ይሉኝ ይሆናል። በሕክምናው በኩል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ወደ ተመሳሳይ ጾታ መሳብን በ1990 እ.ኤ.አ. ከበሽታ ዝርዝሩ አውጥቶታል። በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው ዝርዝሩ ደግሞ የትራንስጀንደርን ጉዳይ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አንሥቶታል። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ ቃሉን ስልክ ላይ ያነበበ ልጅም በማንበቡ አይለወጥም። ሃይማኖቱ የሚለውን ቄስዎና ሼሆቹ ያውቃሉ፤ እኔ ከዚያ አልገባም። ሕጉም የታወቀ ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ድርጊትን ይቀጣል። ይህ ስለ ድርጊት ነው። አንድ ታዳጊ ስልኩ ላይ ቃል ስለፈለገ ወንጀለኛ አይሆንም፤ እኔም ከታካሚዬ የሰማሁትን ለማንም አላወራም። እርስዎም አያውሩ። ያዩትን ለጎረቤት ነግረው ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ቡና ላይ የወደቀ ወሬ ቶና ሳይደርስ ሰፈሩን ያዳርሳል፤ የሚጎዳውም ልጁን ነው።

ታዲያ ልጁ ትራንስጀንደር ነው? እኔ አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም። ጡቱ አይነግረንም። የእኔ ግምት እንዲህ ነው፦ ልጁ ደረቱ ሲያብጥ ደነገጠ። ሰፈሩ ደግሞ ሴት ነህ አለው። የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ስልኩን ጠየቀ። በእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ ሌላ ምን ያድርግ? ግን ግምት ነው። ምናልባት ከዚህ ያለፈ፣ በውስጡ የቆየ ጥያቄ ይኖረዋል። ያም ከሆነ የሚታወቀው እሱ ራሱ በጊዜው ሲናገር ነው። ጨቅጭቀው፣ አስምለው፣ ስልኩን ቀምተው የሚያገኙት እውነት የለም። የሚያገኙት ውሸት መልመድን ነው።

ስለዚህ ስልኩን ባየሁት ብለው አይጀምሩ። በጡቱ ይጀምሩ። «ዶክተር ጠይቄ ነበር፤ ብዙ ልጅ ላይ ይወጣል፣ ይጠፋል አለኝ። መርፌውም ስህተት ነበር» ይበሉት። ይህችን ብቻ ብለው ወደ ሥራዎ ይመለሱ። ልጆች ወሬ የሚጀምሩት ዓይን ለዓይን ሲያዩዋቸው አይደለም፤ ጎን ለጎን ሆነው እጃቸው ሥራ ሲይዝ ነው። ቡናውን አብራችሁ ቁሉት። «ሴታ ሴት» የሚለውን ቃል ቤትዎ ውስጥ ማንም እንዳይደግመው፤ አያቱም፣ በቀልድም። ፀበሉንና ዱአውን ክፉ አልልም፤ ልጁ ራሱ ከፈለገ። ካልፈለገ ግን እየጎተቱ መውሰድ «አንድ ክፉ ነገር አለብህ» ብሎ መንገር ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ ልጁ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ነገር ከተናገረ፣ መብላትና መተኛት ካቆመ፣ ያለውን ዕቃ ለሰው ማደል ከጀመረ ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት። በሰፈር የሚሰደብ ልጅ ዝም ካለ ተመችቶት ነው ብለው አያስቡ።

አሁን የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ይምጡ፤ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ካልተመቸዎት እዚያው ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ለወጣቶች ተብሎ የተለየ አገልግሎት ካለ ይጠይቁና በዚያ ይጀምሩ። የተወጋውን መድኃኒት ካርቶን ከነብልቃጡ ይዘው ይምጡ፤ ያልተወጋውንም ጭምር። የተወጋበትን ቀን ጽፈው ይያዙ። ሌላ የሚወስደው መድኃኒት፣ ጂም ቤት የሚሸጥ ዱቄትም ቢሆን፣ ካለ ይንገሩን። ሐኪሙ ልጁን ለብቻው ማነጋገር ይፈልጋል፤ ከክፍሉ ውጡ ሲባሉ አይከፉ። ሲመረመርም አክስቶቹ ሁሉ ተከትለው አይግቡ። ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ከ6 ወር በኋላ ጡቱን ደግመን እናየዋለን። እስከዚያው ሰፋ ያለ ጥቁር ቲሸርት ይግዙለት፤ ጃኬቱን ያስወልቀዋል፣ ኳስ ሜዳም ሊመልሰው ይችላል።