ከሌሊት ፈረቃ በኋላ እንቁላል በቋንጣ፦ የዓርብ ጾም መቼ ያበቃል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። የሌሊቱ ፈረቃ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ያልቃል፤ ቤት ስገባ በጣም ስለሚርበኝ ቶሎ የሚደርስ እንቁላል በሥጋ ሠርቼ በልቼ እተኛለሁ። ሐሙስ ማታ ገብቼ ዓርብ ጠዋት ስወጣ ጓደኞቼ «እስክትተኚ ድረስ ላንቺ ገና ሐሙስ ነው» ይሉኛል። ደሴ ያለችው እናቴ ደግሞ ቅዳሜም ቢሆን ቅዳሴ ሳይወጣ አይበላም ትላለች። የማንን ልስማ? መጥበሻችንም አንድ ነው፤ አብራኝ ቤት የተከራየችው ጓደኛዬ ሙስሊም ናት። አንዳንዴ እንቁላሉ ውስጥ ደም አገኛለሁ፤ ያስ ኃጢአት ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ቀኑን የሚቀይረው የአንቺ እንቅልፍ አይደለም። ዓርብ ጌታ የተሰቀለበት፣ ረቡዕ ደግሞ አይሁድ ሊይዙት የመከሩበት ቀን በመሆኑ ይጾማል፤ ፈረቃሽ የትም ይጀምር የትም ያብቃ፣ ዓርብ ጠዋት ዓርብ ነው። በተለመደው አጠባበቅ ከሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የፍስክ ምግብ አይቀመስም። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ቋጥረሽ የምትሄጂው ምሳ ዕቃ ከ6 ሰዓት በኋላ የሚከፈት ከሆነ ሽሮ ወይም ምስር ይሁን። ዓርብ ጠዋት ስትወጪ ውኃም ሳትቀምሺ ተኝተሽ ከ9 ሰዓት በኋላ የጾም ምግብ ብትበዪ ሥርዓቱን ጠበቅሽ ማለት ነው። እንዲያውም ለሌሊት ሠራተኛ ይህ ከቀን ሠራተኛው ይቀላል፤ ረኃቡ በእንቅልፍ ያልፋል። የሚያዞርሽ ወይም መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን በራስሽ ሰዓት አትቁረጪ፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም አትርሺ።

ቅዳሜን በተመለከተ እናትሽም ልክ ናት፣ አንቺም አልበደልሽም። ሰንበት የጾም ቀን አይደለም፤ ከቅዳሜዎች ሁሉ ከእህልና ከውኃ ተከልክለን የምንጾማት የትንሣኤ ዋዜማዋ ቀዳም ስዑር ብቻ ናት፤ በዐቢይ ጾምና በመሳሰሉት አጽዋማት ግን ቅዳሜም የፍስክ ምግብ አይበላም። ሊያስቀድስ የሚሄድ ሰው ግን በልቶ አይሄድም፤ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ጸበል ተጠጥቶ ነው የሚበላው። ሌሊቱን ቆመሽ ሠርተሽ ልትተኚ የገባሽ እንደሆነ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግመሽ ብትበዪ ጾም ሻርሽ አያሰኝሽም።

አሁን ወደ ምግቡ። የቅዳሜ ጠዋት ችግር ሥጋው ነው። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ዓርብ ስለሚዘጉ ለቅዳሜ ጠዋት ያለሽ ሥጋ የሐሙስ ነው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ ትሞቃለች፣ ያለ ማቀዝቀዣ ጥሬ ሥጋ እዚያ ድረስ አይቆይም። መላው ቋንጣ ነው። ከሌለሽ እናትሽ ደሴ ታድርቅልሽ፤ በቀዝቃዛና ነፋሻ አየር በስሱ የተዘለዘለ ሥጋ ሳይሸት ይደርቃል። ውፍረቱ ከጣት ከበለጠ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይበላሻል።

ለሁለት ሰው አንድ እፍኝ ቋንጣ፣ 4 እንቁላል፣ አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያና አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ይበቃል። ቋንጣውን ባቄላ አሳክለሽ ሰባብሪና ግማሽ ብርጭቆ ፈላ ያለ ውኃ ውስጥ ንከሪው። እሱ እስኪርስ ሽንኩርቱን ያለ ቅቤ 4 ደቂቃ ያህል አቁላዪ፣ ከዚያ ቅቤውን፣ ቀጥሎ ቋንጣውን ከነውኃው ጨምሪ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። ውኃው ሳያልቅ እንቁላል ከተጨመረ እንቁላሉ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፤ ውኃ ያቀረረ፣ መልኩ የጠቆረ ነገር ይሆናል። ቅቤው ከዳር ሲለይና ቸስ ቸስ የሚል ድምፅ ሲሰማ እሳቱን ቀንሺ፣ ለአመል የተመታውን እንቁላል አፍስሺ፣ እስከ 30 ቁጠሪና ከሥር እየገለበጥሽ አንሺው። ፈሳሽ ሳይኖረው ግን ገና እንደራሰ ከእሳት ይውጣ፤ የቀረውን የመጥበሻው ግለት ይጨርሰዋል። እሳት ላይ ከቆየ እንደ ጎማ ይሆናል። ጨው መጨረሻ ላይ ቀምሰሽ ነው፤ ቋንጣው ራሱ ጨው አለው። ቃሪያውም መጨረሻ ላይ ይግባ። ሁሉም ከ15 ደቂቃ አያልፍም።

ታዲያ ዓርብ ማታ ለነገ ብለሽ ስታዘጋጂ ጨው ልቅመስ አትበዪ። ሳያስቡት የሚሻረው እንዲህ ነው።

እንቁላል ውስጥ ያለው የደም ነጥብ ጫጩት አይደለም። አስኳሉ ሲሠራ በዶሮዋ ውስጥ ትንሽ የደም ሥር ተበጥሶ የሚቀር ነው። ከደም እንድንርቅ በሐዋርያት ሥራ 15 ታዟልና ነጥቡን በማንኪያ ጫፍ አውጥተሽ ጣዪው፤ ከተሠራጨ እንቁላሉን ተዪው። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱን እንቁላል መጀመሪያ ስኒ ላይ ስበሪ፤ አንዱ የተበላሸ ቢሆን ሌሎቹን ይዞ አይጠፋም። ሳታዪ የበላሽው ግን አያስጨንቅሽ።

መጥበሻን በሚመለከት፣ ለጾምና ለፍስክ ሁለት ዕቃ ካልኖረ ኃጢአት ነው የሚል ሥርዓት የለም። ነገር ግን የብረት መጥበሻ ቅቤ ይዞ ያስቀራል፤ የእንጨት መክተፊያና ማማሰያ ደግሞ ይብሳል። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ በፈላ ውኃና በሳሙና እሺው፣ አቅም ሲኖርሽ ለጾም አንድ ርካሽ መጥበሻ ለዪ። ጓደኛሽ የእኛን እርድ አትበላም፣ እኛም የእነርሱን አንበላም፤ ወሎ ላይ ይህ ተከባብረን የኖርንበት ነው። እንቁላል ግን አይታረድም። ቁርስ አብራችሁ የምትበሉ ከሆነ የእሷን እንቁላል በታጠበው መጥበሻ አስቀድመሽ ጥበሺላት፣ ቋንጣው ከዚያ በኋላ ይግባ። ቋንጣው በነካው ማንኪያ የእሷን አታውጪ።

እሑድ ልትቆርቢ ያሰብሽ እንደሆነ የቅዳሜ ጠዋት ቁርስ አይከለክልሽም። የሚታሰበው 18 ሰዓት ነውና፣ እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የምትቆርቢ ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ምግብም ውኃም አይቀመስም። ቅዳሜ ጠዋት በልተሽ ስትተኚ ስልክሽን ለ7 ሰዓት ሙዪው፤ ተነሥተሽ ቀለል ያለ ነገር ቀምሰሽ ውኃሽን የምትጠጪበት አንድ ሰዓት ይኖርሻል።